ሰላምታ የማትመልሰው መምህርት

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት መምህርት ተቀምጠዋል። ወሬውን የጀመሩት እናትየዋ ናቸው።

«ዛሬ መናኸሪያው ጋ ከሩቅ ቀድመሽ ሰላም አልሽኝ።»

«አየሁዎት እኮ፣ እናቴ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በደጄ ማዶ ስታልፊ ራሴን ዝቅ አድርጌልሻለሁ። አንድ ቀን መልሰሽልኝ አታውቂም።»

«አይታየኝም ነበር። ከማዶ ያለ ሰው ሁሉ ጥላ ነበር የሚሆንብኝ።»

«መነጽር አልነበረሽም?»

«ነበረኝ። ክፍል ውስጥ ነበር የማደርገው። መንገድ ላይ ኮራች እንዳይሉኝ አወልቀዋለሁ።»

«ያ ረቢ። እኛም ኮራች ነው ያልነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«አሁንስ በምን ዳንሽ?»

«ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ዓይኔን በሌዘር ተሠራሁ። ሩቁ ጠራልኝ። ሲመሽ ግን የመኪና መብራት ይበተንብኛል፤ ዓይኔም ስለሚደርቅ ጠብታ አይለየኝም።»

«አብሽሪ፣ ይተውሻል።»

እናትየዋ ሻሻቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

«ታላቁ ልጄ ለአንቺ ሽማግሌ ልላክ ብሎኝ ነበር። ሰላምታ የማትመልስ ምራት ቤቴ አትገባም ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱስ አሁን?»

«አገባ። ወግዲ ነው ያለው።»

«እሱም ከማዶ ሰላም ይለኝ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

መምህርቷ ከቦርሳዋ ጠብታውን ስታወጣ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።