መርዶ የያዘው ጌም

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆሴ በሚሄደው ባቡር ከኋላዬ አንዲት ወጣትና አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ተቀምጠዋል። አብረው የሚሠሩ ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ዳውንሎድ ያደረግኩልዎትን ጌም ጨረሱት?»

«አራት ጊዜ! ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም እኮ።»

«ወደዱት?»

«በጣም እንጂ! ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ። ወንድሟ የሞተባት ሴት ቤት ትገቢያለሽ፤ እሷ ገና አልሰማችም። መርዶውን የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ወዲያው ነገርኳት።»

«ገና ከመግባትሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ‹ንገራት› የሚል ኦፕሽን መጣ፣ ነካሁት።»

«እኔ ሻይዋን ጠጣሁ። ስለ ዶሮዎቿ ጠየቅኳት። የወደቀ አጥሯን ማቆም ጀመርኩላት። አራቱንም ጊዜ ሳልነግራት አለቀ።»

«ሪቪው ላይ ‹ይሄ መዋሸት ነው› ብለው የተናደዱ አሉ።»

«እነሱ ምን ያውቃሉ! ጌሙን የሠራው ሰው ግን ገብቶታል። ‹ወንድሜ ደህና ነው?› ስትለኝ ‹ደህና ነው› የሚለውን ልነካ ስል እጄ ተንቀጠቀጠ።»

«ለጌም?»

«ለጌም! እናቴ ስትሞት ልጆቼ ሁለት ወር ደብቀውኛል። እንዴት አስቻላቸው ብዬ አኩርፌያቸው ነበር። ለካ እጃቸው እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ነው ያጎረሱኝ።»

ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ እንደገና ተነሣ።

«ዛሬ ማታ ደግሜ እሞክረዋለሁ» አሉ ሰውየው።

«ሊነግሯት?»

«አጥሯ ገና አላለቀም።»

እህቴ ጠዋት ከአዲስ አበባ «እማዬ ደህና ናት፣ ተኝታ ነው» ብላ የላከችልኝን ቴክስት ከፍቼ እንደገና አነበብኩት።