የወደቀበትን የሚናገር ኮምፒውተር

በ1978 ዓ.ም. ጳጉሜ ሦስት ቀን ረፋዱ ላይ ለባለቤቴ የአውዳመት ነጠላ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነበር። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ጥለት ሳገላብጥ፣ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ አቶ ታረቀኝ ከእንጦጦ ሲወርዱ አየኋቸው። የሩፋኤል ዝናብ ከራስ እስከ እግራቸው አበስብሷቸዋል፤ በእጃቸው የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል፤ ደስታቸው ግን ለጉድ ነው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከታች በኩል ዓምሃ እያለከለከ ደረሰ። ዓምሃ ቡልጋሪያ ተምሮ ከተመለሰ ገና አራት ወሩ ሲሆን፣ በአቶ ታረቀኝ ሥር የሚሠራ ትሑት ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ቤትዎ ሄጄ አጣሁዎት» አለ። «የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሊሰበሰብ ነው። የጸሐይ ጉዳይ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐይ ኮምፒውተሩን በተራ ከሚያሠሩት ሠራተኞች አንዷ ናት። አምና በጳጉሜ ኮምፒውተሩ በእሷ ተራ ደጋግሞ ቆመ። ዘንድሮም ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አምስት ጊዜ ቆሟል፤ ያውም በእሷ ተራ። በሌላ ሰው ተራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ልጅቱ ጴንጤ ናት፤ ይህ ብቻውን በክፉ ዓይን የሚያሳይ ዘመን ስለሆነ አንዳንድ የኮሚቴው ሰዎች «አሻጥር» የምትለውን ቃል ማንሾካሾክ ጀምረዋል። ያቺ ቃል ፋይል ውስጥ ከገባች ሰውን ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከቤቱም ታወጣለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ አሳምሬ አውቃታለሁ።

አቶ ታረቀኝ ደስታቸው ወዲያው ጠፋ። ጸሐይን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።

«እኔ ምን ልበላቸው? ማሽኑ ደክሞት ነው እላለኋ! ሲቆም አጥፍቶ ማብራት ነው። ተነሣ፣ ሠራ፤ በቃ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ጉዳቱ እሱ ነው» አለ ዓምሃ። «ሲያጠፉት ለምን እንደቆመ የሚያስረዳው ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሰው መንገድ ላይ ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ ውኃ ረጭተን አስነሥተን "በል ሂድ" እንለዋለን? ምን ሆነህ ነው፣ ከየት እየመጣህ ነው አንለውም?»

«ታዲያ ማሽን አፍ አለው?»

«አፉን አዘጋጅቼለታለሁ፤ እርስዎ አልፈቀዱልኝም እንጂ። ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዝ አንድ ዋና ፕሮግራም አለ አይደል? እሱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። እኔ የጨመርኩት፣ መውደቁ ካልቀረ የወደቀበትን ቦታ አትሞ እንዲወድቅ ነው። ወደዚያ ቦታ የላከው የትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ያንንም የላከው የትኛው እንደሆነ፣ እስከ መነሻው ድረስ በየተራ ይዘረዝራል።»

«"ማን ላከህ?" ብሎ ይጠይቃላ!»

«እ... አዎ፣ እንደዚያ ማለት ነው።»

አቶ ታረቀኝ ጠርሙሱን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጄ፣ እኔ በሰባ ዓመተ ምሕረት ሁለት ወር ታስሬ ቀን ከሌት "ማን ላከህ?" ተብያለሁ። አንድ ስም ብጠራ እሱም ሌላ ስም ይጠራል። አልጠራሁም። ይህን ጥያቄ አሁን ለብረት አስተማራችሁት? ስም በወረቀት ሲደረደር መጨረሻው የት እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ። የወደቀን ዝም ብሎ ማንሣት ገመናን መሸፈን ነው።»

እውነት ለመናገር፣ እኔም በልቤ የሽማግሌው ወገን ሆኜ ነበር። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ስንት ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ። ዓምሃ ግን አንገቱን ደፍቶ መለሰላቸው።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የመረመረዎት ሰው መልሱን አስቀድሞ ጽፎ ነው የጠየቀዎት። ይኼ ፕሮግራም ግን ጠላት የለውም። የሄደበትን መንገድ ነው የሚጽፈው እንጂ የሰው ስም አይጽፍም። ደግሞስ ዝምታችን የሸፈነው የማንን ገመና ነው? የጸሐይን አይደለም። እኛ ምንም ስላልጻፍን እኮ ነው ሰዎቹ ባዶውን ቦታ በእሷ ስም የሚሞሉት።»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ከዚያ «ና እንሂድ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አሉ። እኔም ነጠላውን ለባለሱቁ መልሼ ተከተልኳቸው።

መሥሪያ ቤት ስንደርስ ጸሐይ ብቻዋን ነበረች። አቶ ታረቀኝ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጧትና «ምንም እንዳትነኪ» አሏት። ዓምሃ ፕሮግራሙን አስገባ። ተረኛው ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ቀን ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ለሙከራ በመጀመሪያ የመስከረምን ቀን ነግረው ዝርዝር እንዲያትም አዘዙት፣ ያለ ምንም ችግር ሠራ። ቀጥሎ አቶ ታረቀኝ በራሳቸው ጣት ጳጉሜ 3ን በቁጥር፣ «ወር 13፣ ቀን 3» ብለው አስገቡ። ያንኑ ዝርዝር እንዲያትም ሲያዙት ወዲያው ቆመ። ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘው፣ በፊት ሲቆም ድምፁ ጠፍቶ የሚቀረው የጽሕፈት መኪና አሁን ግን ቀጭ ቀጭ እያለ አራት መስመር አትሞ ዝም አለ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ነበር፤ ዓምሃ ከመነሻው ጀምሮ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልን።

«ዝርዝሩን አትም። የገጹን ርዕስ ጻፍ። የዛሬን ቀን አምጣ። የወሩን ስም አውጣ፣ ቁጥር 13፤ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።»

«የወሮቹን ስም ማን ነው የጻፈው?» አልኩ እኔ ሞኙ።

አቶ ታረቀኝ ወረቀቱን ከመኪናው ላይ ቀደው ያዙ። «የዛሬ ሁለት ዓመት የፈረንጁን ወሮች አውጥቼ የእኛን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለዚህም የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። አሥራ ሁለት ቦታ ነበር፣ አሥራ ሁለት ወር አስገባሁ፤ ጳጉሜን በኋላ እጨምራታለሁ ብዬ ረሳኋት። በጳጉሜ እዚህ ውዬ አላውቅማ! እኔም ሌሎቹም ጠበል ስንወጣ፣ ተራችንን የምትሸፍንልን እሷ ናት።»

ዓምሃ አለቃውን የሚወድ ልጅ ነውና አሳዘኑት። «ጋሼ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። ወረቀቱን... ማለቴ፣ የግድ ማሳየት የለብንም» አለ በቀስታ።

«ያን ጊዜ ባዶውን ቦታ በማን ስም ይሞሉታል?» አሉት። ከዚያም ብዕራቸውን አውጥተው ከአራቱ መስመር በታች አምስተኛ ጨመሩ፦ «የወሮቹን ዝርዝር የጻፍኩትና ጳጉሜን የረሳሁት እኔ ታረቀኝ ነኝ።» ፈረሙበት።

በዘጠኝ ሰዓት ይዘውት ገቡ። የኮሚቴው ጓድ ሊቀመንበር ወረቀቱን ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ለአቶ ታረቀኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡ፤ የጸሐይን ፋይል ዘጉ። መልሼ ሣጥን ውስጥ የቆለፍኩት እኔው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ፋይል ቆልፌ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ባለው ዓመት ኮምፒውተሩ በሌላ በሌላ ምክንያት ሦስት ጊዜ ቆሟል። ሦስቱንም ጊዜ ወረቀቱ ተነበበ፣ ስሕተቱ ተገኘ፣ ሳይመሽ ታረመ። የማንም ስም በሹክሹክታ አልተነሣም። አቶ ታረቀኝ ራሳቸው አሁን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ «ሳታነብ አታጥፋ» እያሉ ያስተምራሉ። ስሕተት የት እንደተፈጠረ ተጽፎ ሲገኝ ሥራው ይቃናል፤ ከሥራው ይልቅ ደግሞ ሰው ከሐሜት ይድናል። ይህን እኔም የተማርኩት በስተርጅና ነው።

ያን ዕለት ከስብሰባው ሲወጡ ጸሐይ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጸሐይዬ፣ ይቅር በይኝ። በአፌ ባላወጣውም አንዳንድ ቀን ልቤ ጠርጥሮሽ ነበር።»

ልጅቱ እንባዋ መጣ። ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ገለባብጣ አየቻቸው።

«እኔም እኮ ጋሼ» አለች፤ «እኔም እጄን ጠርጥሬው ነበር።»