ስድስተኛው ፊልተር

ዐርብ ረፋድ፣ ደሴ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል አዜብ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ የአገሯ ልጅ የሆነው የአይቲ ሠራተኛ ሲራክ ማውሷን ነቅሎ በእጁ እንደያዘ አጠገቧ ቆሟል።

አዜብ፦ ማውሱን መልስልኝ አልኩህ!

ሲራክ፦ ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ። ሌላ አመጣልሻለሁ።

አዜብ፦ አሁን ከእጄ ስትነጥቀኝ ይሠራ ነበር።

ሲራክ፦ የሚበላሸውማ የሚሠራ ነገር ነው። ሰኞ አዲስ አስገባልሻለሁ።

አዜብ፦ ለአንድ ማውስ እስከ ሰኞ? እስከዚያ በምን ልሥራ?

ሲራክ፦ ቁርስ አልበላሁም። በይ ተነሺ፣ ወጣ ብለን ሻይ እንጠጣ።

አዜብ፦ ሻይህን ራስህ ጠጣ። እኔ የወንድሜን ደብዳቤ ነው የምፈልገው። ይኸው ሁለተኛ ዐርብ፣ ከምንተስኖት ቃል የለም።

ሲራክ፦ መርከብ ላይ ያለ ሰው! ባሕር ላይ ኔትወርክ እንደ ፒያሳ ያለ መሰለሽ?

አዜብ፦ የመርከብ መካኒክ ከሆነ ሦስት ዓመቱ፤ አንዲት ዐርብ ዘልሎ አያውቅም። ማዕበል ሲያናውጣቸው እንኳ «አለሁ» ብሎ አንዲት ቃል ይልካል። ምናልባት ደብዳቤው ተሳስቶ ሌላ ቦታ ገብቶ ይሆናል ብዬ ኢሜይል የሚለዩትን ፊልተሮች ከፈትኩ።

ሲራክ፦ ማን ክፈቺ አለሽ?

አዜብ፦ አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ! «ኢሜይል እንደ ጤፍ ነው፤ ካልተነፋ አፈሩ ይበዛል» ብለህ። ሰርኩላሩ ለብቻ፣ ጨረታው ለብቻ፣ የስብሰባው ለብቻ፣ የማስታወቂያ ኮተቱ ወደ ቆሻሻ፤ የምንተስኖት ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ በቀይ። የሠራሁት አምስት ፊልተር ነው። ዛሬ ስቆጥር ስድስት ሆኑ።

ሲራክ፦ ስድስተኛው የሲስተሙ ነው። ራሱ ነው የሚፈጥረው።

አዜብ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሲስተሙ አማርኛ ይጽፋል? ስሙ «የፕሪንተር መመሪያ» ይላል። በዚያው ስም ፎልደርም አለ፤ ያልተነበበ ሃያ ሦስት መልእክት ይዟል። ለፕሪንተር ሃያ ሦስት ሰው ምን ብሎ ይጽፍለታል? ወለደ እንዴ? ሳቅ እንጂ። ድሮ በዚህ ትስቅ ነበር።

ሲራክ፦ አዜብ፣ በእመቤቴ፣ ተዪው።

አዜብ፦ ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ብለህ ነው ኮምፒውተሬ ውስጥ የገባኸው? ፊልተሩ ምን እንደሚል አንብቤዋለሁ። «ከመርከቡ አድራሻ የመጣ ከሆነ ወደዚህ ፎልደር ውሰድ።»

ሲራክ፦ ለደኅንነት ነው። ከውጭ የሚመጣ ቫይረስ ስለበዛ…

አዜብ፦ አልጨረስኩም። «ወይም በውስጡ ‹ያጽናሽ› የሚል ካለ።»

ሲራክ፦ አዜብ።

አዜብ፦ «ወይም ‹መጽናናት› የሚል ካለ። ወይም ‹ነፍስ ይማር› የሚል ካለ።» ይኼ ደግሞ የትኛው ቫይረስ ነው?

ሲራክ፦ ውኃ ላምጣልሽ።

አዜብ፦ ውኃ አልፈልግም። ፈርቻለሁ፣ ሲራክ። ማነው?

ሲራክ፦ እኔ ምንም አላልኩሽም።

አዜብ፦ አላልክም። ማንም ምንም አላለኝም። ኃላፊያችን ግን ሳልጠይቀው ከነገ ጀምሮ ዕረፍት ውጪ አለኝ፤ ታምሜ እንኳ ግማሽ ቀን የማይፈቅድልኝ ሰውዬ! ጽዳቷ እማማ ዘነቡ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሳሙኝና ፊታቸውን አዞሩ። የአክስቴ ልጅ ለገበያ ነው የመጣሁት ብላ ቤቴ ከከረመች ሳምንቷ፤ አንዲት ቲማቲም አልገዛችም። ስልኬን ደግሞ «ቻርጅ ላድርግልሽ» እያለች ከእጇ አታወጣም።

ሲራክ፦ ሰው ስለሚወድሽ ነው።

አዜብ፦ ይኼ ሁሉ ሰው፣ ባንድ ሳምንት? አባባ ነው፣ አይደል?

ሲራክ፦ ተነሺ፣ ቤት ላድርስሽ።

አዜብ፦ ልቡን ካመመው ወዲህ ይኼን ቀን ስፈራ ኖርኩ። ወልዲያ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ «ተበላሽቶበት ነው» ይሉኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ንገረኝ እንጂ!

ሲራክ፦ ነገ ማለዳ ሰዎች ይመጣሉ። ትልልቅ ሰዎች። እነሱ…

አዜብ፦ ወይኔ!

ሲራክ፦ ምን አልኩ? እኔ ምን አልኩ?

አዜብ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ። ትልልቅ ሰዎች በማለዳ የሚመጡት ለምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ? የእማዬን መርዶም በማለዳ ነው ይዘው የመጡት። ወይኔ አባባ! ወይኔ አባቴ!

ሲራክ፦ ቀስ በይ፣ እባክሽ። መርዶ እንደ ሰርኩላር ከስክሪን ላይ አይነበብም። ሰው ደግፎሽ፣ ዘመድ ከቦሽ ነው የምትሰሚው። የደበቅሁት ለዚህ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንቺን ባየሁ ቁጥር በሌላ ኮሪደር ስዞር ነው የከረምኩት።

አዜብ፦ እሺ። እሺ… ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ወልዶ ስሟል፤ ሁለታችንንም አስተምሮ ለወግ አብቅቷል። እግዜር ከዚህ በላይ ምን ያድርግለት? እናትም አባትም ቢሄዱ ምንተስኖት አለልኝ።

ሲራክ፦ አዜብ…

አዜብ፦ ማውሱን ስጠኝ። አሁን ገባኝ። ምንተስኖት ሰምቶ ጽፎልኛል፤ እናንተ ደግሞ መርዶውን እንዳያወጣባችሁ ብላችሁ ደብዳቤውን ደበቃችሁት። አንተ ከመድረስህ በፊት ከላይ ያለችውን አንዷን አይቻታለሁ። ከመርከቡ ናት፤ ርዕስ የላትም። ምንተስኖት መቼ ርዕስ ጽፎ ያውቃል!

ሲራክ፦ እሷን አትክፈቺ።

አዜብ፦ የአባቴን ሞት ካወቅሁ ወዲያ ምን የሚያስፈራኝ ቀረ? ዘመድ ከቦሽ ስሚ ትለኛለህ፤ እሱንስ በዚያ ሁሉ ውኃ መካከል ማን ከበበው? አንዲት ቃል ብቻ ልጻፍለት። «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ልበለው።

ሲራክ፦ አትጻፊለት።

አዜብ፦ ምን?

ሲራክ፦ እስከ ነገ ብቻ። እግርሽ ላይ ልውደቅልሽ።

አዜብ፦ ድንጋይ ነህ? ማነው ይኼን ያዘዘህ? ኃላፊው ነው? የአክስቴ ልጅ ናት? በእንዲህ ያለ ቀን ከወንድሜ የለየኝን ሰው ንገረኝና ማውሱን ይዘህ ሂድ።

ሲራክ፦ እሱን አትጠይቂኝ።

አዜብ፦ ያለ ማውስ መክፈትም አስተምረኸኛል፤ ረሳኸው? ቀስቷን ወደ ታች፣ ከዚያ ኢንተር። ይኸው ጣቴ ኢንተሯ ላይ ነው። ተናገር፣ አለዚያ መጫኔ ነው!

ሲራክ፦ እጅሽን አንሺ! እነግርሻለሁ፣ እጅሽን አንሺ… ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከወልዲያ ተደወለልኝ። «ልጄ ለብቻዋ ሆና እንዳታነበው» ብለው፣ እያለቀሱ የለመኑኝ… አባትሽ ናቸው፣ አዜብ።