ከርዕስ ውጪ

ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ እስቲ፣ ጫፉን በስፒል ላያይዘው። ይሄ ቀለም እንዴት እንዳማረብሽ! ባለፈው ከሰፋሁልሽ አስር እጅ ይበልጣል። ልጆቹ ደህና ናቸው? እሰይ... ወንድምዬ፣ ያንተ ሱሪ ቀጥሎ ነው። እዚያች ወንበር ላይ አረፍ ብለህ ስልክህን እያየህ ቆይ።

ስልክ ስል ትዝ አለኝ። አንድ የማውቀው ሰው አለ... አታውቂውም። ብታውቂው እንዴት በኮራሽ! እንደሱ ያለ የመናገር ነጻነት ጠበቃ በዕድሜዬ አላየሁም። መቼም ያ ሁላችንም ያለንበት ትልቁ ማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ሳምንት ዘግቶት ነበር። ምን ብሎ እንደጻፈ አትጠይቂኝ። ስድብማ አይደለም፣ እሱ ሰው ይሳደባል? ትንሽ ጠንከር ያለ ምክር ነው። ያቺን ሳምንት እህል አልበላ አለ። «አንድ ሀብታም ቁልፉን ይዞ የሚሊዮኖችን አፍ ይለጉማል!» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። እውነቱን ነው እኮ፣ ማን ይከራከረዋል? መከራከርስ... ለማን ይፈቀዳል?

ዞር በይልኝ፣ በዚህ በኩል።

ከዚያ አዲስ ነገር አገኘ፤ ባለቤት የሌለው ማኅበራዊ ሚዲያ። የፈለገ ሰው ቤቱ ውስጥ የራሱን ሰርቨር፣ ሁሉን የሚያገናኘውን ኮምፒውተር ማለቴ ነው፣ ይከፍታል፣ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ አንዱ ቢያባርርሽ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ሌላው ጋ ትገቢያለሽ። ግሩም አይደል? እሱም አሮጌ ኮምፒውተሩን ፍሪጁ ጎን አስቀምጦ ከፈተና ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስገባ። እናቱን ሳይቀር! አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ በትዕግሥት፣ እንዴት እንደሚጻፍ አሳያት። «እማዬ፣ እዚህ ማንም ዝም አያሰኝሽም» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንጀቴን ነው የበላው።

ነጻነቱ ተጀመረልሻ። አክስቱ «ይሄ ፎቶህ የዛሬ አስር ዓመቱ አይደለም እንዴ?» ብላ ጻፈች... ተባረረች። የእህቱ ባል ሳቀ፤ ሌላ ምንም አላለም፣ ያቺን የምትስቅ ቢጫ ፊት ለጠፈ... እሱም ተባረረ። ቂም መስሎሽ? ኧረ በፍጹም! ደንብ ነው። ደንቡን ማን አወጣው? እሱ። ይግባኝስ የት ይባላል? እሱው ጋ። እንዲህ ሥራ የማይሰለቸው ሰው የት ይገኛል? ባለቤት የለውም ስንባል ባለቤቱ ለካ ፍሪጁ ጎን ነበር። የተባረሩት ሌላ ሰርቨር ገብተው ሲስቁ ይውላሉ። እዚያ አሁን የቀሩት እሱና የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ናቸው። ሰላም ነው ታዲያ፣ ጭቅጭቅ የለ፣ ምን የለ።

እናትየው ግን... ውይ፣ ስፒሏ ወጋችሽ እንዴ? ይቅርታ እቴ። አንቺን ብዬ አልነበረም።

እናትየው ምን አደረገች መሰለሽ። እሱ ስለ ሰው ልጅ ድምፅ አንድ ረጅም ጽሑፍ ጽፎ ነበር፣ እንዴት እንደሚያምር! ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሥሩ «ልጄ፣ ድምፅህ ናፈቀኝ። መቼ ነው የምትመጣው?» አለችው። በአለቃው ፊት! አጠፋው። «ከርዕስ ውጪ ነው» አለ። አልገባትም፣ ደግማ ጻፈች። ዘጋት። ጥፋቷ ነው... ስለ ድምፅ ሲወራ «ድምፅህ ናፈቀኝ» ምን አገናኘው?

አሁን ስልኬ ተበላሸ ብላ ጠጋኝ ጋ ትመላለሳለች። ደህና ነው ቢላትም አታምነውም። ልጄ ዘጋኝ ብላ እንዴት ታስብ? እዚህ ትመጣና፣ አሁን አንቺ የቆምሽበት ቆማ፣ «እስቲ እዪልኝ፣ መልሷል?» ትለኛለች። «ኔትወርክ ነው እማዬ» እላታለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተኛል።

ነገርኩት እኮ። «ሌላ ሰርቨር ትግባ፣ ነጻነት ማለት ይሄ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰርቨርማ ሞልቷል። እናት ልጇን ትታ የትኛው ሰርቨር ትግባ እንጂ! ያ ጨካኝ የተባለው ትልቁ ኩባንያ እንኳ ሳምንቱ ሲያልቅ ከፍቶለታል።

በቃ ጨረስኩ፣ ቀስ ብለሽ አውልቂው። ወንድምዬ፣ ወዴት ነው? ሱሪህ ገና ነው እኮ! ፊትህስ ምነው ተለዋወጠ? ሙቀቱ ነው መሰለኝ። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው፣ አንተ ምን ቤት ነህ?

ያንን ሰው ግን ሳልመርቀው አልውልም። ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ሽበቱን ያሳየው። ልጆቹ እንደሱ የተማሩ፣ እንደሱ ለነጻነት የቆሙ፣ ቁርጥ እሱን ይሁኑለት። አንድ ቀን አርጅቶ፣ ደጅ ደጁን እያየ፣ «ልጆቼ፣ መቼ ነው የምትመጡት?» ብሎ ሲጽፍላቸውም... ልክ እሱ ለእናቱ እንደመለሰላት ይመልሱለት።

አሜን በል እንጂ ወንድምዬ፤ ለሌላ ሰው እኮ ነው።