የእትዬ ቁጭ በል ወንበር

እስቲ ዝም በሉ! እናንተ የላቦራቶሪ ልጆች፣ ኬኩ አይሸሽም፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ዛሬ እትዬን በጡረታ የምንሸኝበት ቀን ነው።

እትዬ ቁጭ በል እዚህ ሆስፒታል፣ እኛ ሂሳብ ክፍል ሥራ የጀመሩ ቀን አለቃችን ቢሯቸውን ሲከፍቱ ወንበራቸው የለም። "ሌባ!" ብለው ጥበቃውን ጠሩ። ጥበቃው ወጣ ብሎ ቢያይ ወንበሩ ከክፍያ መስኮቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ አንዲት የደከማቸው እናት አሉ። አዲሷ ሠራተኛ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ "ምነው ጌታዬ፣ እርስዎ ጤነኛ አይደሉ? ትንሽ ይቁሙ እንጂ" አሏቸው። አለቃችን፣ አይሳቁ፣ ራስዎ ነዎት ያጫወቱኝ!

ቅጽል ስሙ ያን ቀን ወጣ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሰው ሂሳቡን ቆሞ አይሰማም። ሰልፉ በር ድረስ ቢደርስም፣ "ቁጭ በል ልጄ፣ ሂሳቡ የትም አይሄድም" ይላሉ። እስቲ ወንበር ያልተወሰደበት ክፍል አለ? የጥርስ ሐኪማችን አንዴ ሊያስመልስ መጥቶ፣ "አንተ ቆመህ አይደል የምትነቅለው?" ተብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ካልኩሌተራቸውንማ ተዉት! እንደ ባላንጣ ሲደበድቡት ኖረው ቁልፎቹ ላይ አንድ ቁጥር አልቀረም።

አሁን ቀልዱን ላቁም። የልብ ችግር ይዘው የተወለዱ ልጆች እዚህ በነጻ ይታከማሉ። አሥራ ስምንት ሲሞላቸው ልባቸው ያው ነው፤ ከፋዩ ግን እነሱ ይሆናሉ። ያኔ ብዙዎቹ ዋጋውን ፈርተው ክትትሉን ይተዋሉ። ከዓመታት በኋላ በቃሬዛ ሲመጡ ደግሞ ሂሳቡ ቤት የሚያሸጥ ይሆናል።

እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ልቤ ቀዳዳ ነበረው፤ በልጅነቴ ተሰፋልኝ። ካደግሁ በኋላ በየዓመቱ መታየት ነበረብኝ። ግን ዋጋውን ለሰው የምነግረው እኔው አይደለሁ? ስለማውቀው ሳልታይ ቀረሁ።

አንድ ቀን እትዬ ደረጃው ላይ ብረቱን ይዤ ሳለከልክ አገኙኝ።

"አንተ፣ ምን ሆነሃል?"

"ደረጃው ነው እትዬ።"

"ደረጃው ትናንትም ነበረ።"

እጅጌዬን ይዘው ወስደው እዚያው ወንበር ላይ፣ ከመስኮቱ ውጭ አስቀመጡኝ። "ለመጨረሻ ጊዜ የታየኸው መቼ ነው?"

"ረስቼዋለሁ።"

"ዋጋውን ግን አልረሳኸውም አይደል?"

ሥራ ቦታዬ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ እትዬ አለቃችን ቢሮ ገቡ። "እነዚህ ልጆች ወድቀው ከሚመጡ በእግራቸው ይምጡ፤ የክትትሉን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይክፈሉ" አሉ። አለቃችን፣ "እንዲህ ያለ አሠራር የለም" ብለው መለሱ። "አሠራሩን የሠራው ሰው አይደል?" ብለው እትዬ የአለቃችንን ወንበር ይዘው ወጡ። አለቃችን እስኪፈቅዱ ድረስ አልመለሱላቸውም። የፈረሙትም ቆመው ነው!

በዚያ አሠራር መጀመሪያ የታየሁት እኔ ነኝ። የልቤ ቫልቭ ማፍሰስ ጀምሮ ኖሯል። ሐኪሙ፣ "ትንሽ ብትቆይ ኖሮ..." ብሎ ቀሪውን ዋጠው። በጊዜው ተሠራልኝ። ትናንት ልጄን አዝዬ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ጆሮዬ ላይ ስትዘፍንብኝ ነበር። እትዬ፣ ያቺ ልጅ አባት ያላት በእርስዎ ነው። ውለታዎን በአንዴ አልችለውም፤ እኔም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እከፍላለሁ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። ከእንግዲህ ጠዋት እንደልብዎ ይተኙ፤ የልጅ ልጆችዎም ወንበራቸውን ይጠብቁ!

በሉ፣ ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ሁላችሁም ተነሱ። ለእትዬ ቁጭ በል!

ኧረ እርስዎ የት ሊነሱ ነው? የተቀመጡበት እኮ የአለቃችን ወንበር ነው፤ ዛሬ ራሳቸው ተሸክመው አምጥተውልዎታል። እኛ እንቆማለን። እርስዎ ቁጭ ይበሉ!