ዳማ የሚጠጣው ውኃ

ሰማይ ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ወርዶ የተኛ በሚመስልበት አንድ እሑድ ረፋድ፣ ዘውድነሽ ከኮሶበር ከተማ መጥታ ወደ ሐይቁ ወረደች። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ የአክስቷ ቀለም መሸጫ ውስጥ ሥራ የገባች ልጅ ናት፤ የመጣችውም ሳምንቱን ሙሉ ስታሸተው የከረመችውን ቀለም ለመርሳት ነበር። ቀለም ግን ቀድሟት ደርሷል።

ሽማግሌው ዓለምነው ባለሸራ ጀልባቸውን ዳር ላይ አጋድመው፣ ሆዷ ላይ የተጋገረውን አረንጓዴ ልጋግ ሳይፍቁ፣ ቀይ ጣሳ ሊከፍቱ ይታገላሉ።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«ይመስገነው። ነይማ ያዥልኝ! የወንድሜ ልጅ ከወደብ ያመጣልኝ የመርከብ ቀለም ነው። አንዴ ከተቀባ ምንም አይለጠፍበትም። በጥር ለፈረሰኞቹ በዓል ጀልባዬ እንደ ዳማ ትጋልባለች!» ዳማ ፈረሳቸው ነው፤ ከልጆቻቸው እኩል የሚወዱት።

ዘውድነሽ ጣሳውን አዙራ ጎኑ ላይ ያለውን ሥዕል አየች። «ይቺ ዓሣ ምን ሆና ነው?»

«ተኝታ።»

«በጀርባዋ?»

አባባ ጺማቸውን አሻሹ። «እኔ እዚህ ዓሣ አይቼ አላውቅም። ምን ቸገረኝ?»

«መርዝ እኮ ነው አባባ! የሚለጠፈውን የሚገድለው፣ ጥቂት በጥቂት ውኃው ውስጥ እየሟሟ ነው። ዘንገና ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል።»

«አንቺ የሱቅ ልጅ! የራስሽን ቀለም ልትሸጭልኝ ነው?»

«እሱም አለበት» አለች ሳታፍር።

ይህን ሲባባሉ ዳማ ከሣሩ ወርዶ ከጀልባዋ አጠገብ አንገቱን ደፋ። ሲጠጣ በሐይቁ ላይ ያለው ሰማይ ቀስ ብሎ ተጨማደደ፤ ደመናው በከንፈሮቹ መሐል የሚገባ መሰለ። ሽማግሌው ፈረሱን አዩት። ከዚያም ጣሳውን እንደተኛ ሕፃን በሁለት እጃቸው አንሥተው ከውኃው አርቀው አስቀመጡት።

«ታዲያ ምን ልቀባት?»

«መጀመሪያ ምንም! የዳማን ጀርባ ሳይጠርጉ ኮርቻ ይጭኑበታል?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«እንግዲያው ከውኃው ራቅ አድርገው ልጋጉን ይፋቁላት። ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታት። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ መርዝ የሌለውን ውኃ ቻይ ቀለም ስስ አድርገው ይቀቧት፤ ሲደርቅ ይድገሙላት። ቀዘፋ ሲጨርሱባት ከውኃ ያውጧት፤ በየሳምንቱም በጨርቅ ይወልውሏት።»

«በየሳምንቱ!»

«ዳማንስ በስንት ቀን ነው የሚያሹት?»

«በየቀኑ» አሉና፣ ተረትተው ሳቁ።

ጥር ሲገባ ቀዩ ጣሳ ሳይከፈት በመጣበት መኪና ተመልሶ ነበር። ጀልባዋ የለሰለሰ ሆዷን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በደመናዎቹ ላይ ተንሳፈፈች። ትንሽ ነፋስ በቃት፤ እንጨቷም ከመበስበስ ዳነ፤ ከብቱም እንደ ጥንቱ ጠጣ። አባባ ዓለምነው መቅዘፊያቸውን ተደግፈው ለበዓሉ የመጡትን እንግዶች ያስተምራሉ፦ «የሳምንት ጨርቅ ከመርዝ ጣሳ ይበልጣል። ይህን እኔ ድሮም አውቀው ነበር!»

ዘውድነሽ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ዞር ብላ ልትከራከራቸው አፏን ከፈተች። ከማዶ ዳማ አንገቱን ወደ ውኃው ሲደፋ አየችና መልሳ ዘጋችው።