የወይዘሮ የሻሽወርቅ ቃልና ብቸኛው ቅጂ

በ1991 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ባኮረፈበት አንድ ቀን፣ ወሎ ሰፈር ታክሲ መያዣው ጋ ጋሽ ገብረየስን አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ፣ የሰፈሬም ሰው ናቸው። ሌላ ጊዜ ሳያሾፉብኝ አያልፉም ነበር። የዚያን ቀን ግን በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ሰላምታዬን እንኳ አልሰሙም።

"ጋሽ ገብረየስ፣ ምነው? ደህና አይደሉም እንዴ?"

"ልቀቀኝ ሐሩን፣ ቸኩያለሁ። ላፕቶፑ ሞተብኝ።"

እኔ ደግሞ ልቀቀኝ ስለተባልኩ የምለቅ ሰው አይደለሁም። በጤና ሠራተኝነት ስንት ዘመን "ውሃ አፍሉ፣ ሽንት ቤት ቆፍሩ" እያልኩ ያረጀሁ ነኝ። ባለቤቴ ዘሃራ "አንተ ካልመከርክ ያምሃል" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። አብሬያቸው እየተራመድኩ ነገሩን አወጣጣኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከመታመማቸው በፊት፣ ማታ ማታ የሕይወታቸውን ታሪክ ይነግሯቸው ነበር። እሳቸውም እዚያው በዚያው፣ በሁለት ጣት እየለቀሙ በአማርኛ ይጽፉታል። ከዚያ ደም ግፊት ወይዘሮዋን ጣላቸው፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ አንደበታቸውና አንድ ጎናቸው ግን ተያዘ። ያ ሁሉ ቃል በወረቀት የለም፣ ሌላ ሰው ጋ የለም፣ ያለው ጋቢው ውስጥ ብቻ ነው።

"ታዲያ ምን ነካው?"

"የእህቴ ልጅ ቢሩክ 'ሲስተሙ አርጅቷል፣ በአዲሱ ልቀይርልዎ' ብሎ ሲዲ ከተተበት። 'እስኪጨርስ አይንኩት' ብሎኝ ወጣ። ወዲያው ሰማዩ ያጓራ ጀመር። ነጎድጓድ እየሰማ ቆጣሪ የማያጠፋ አባወራ አለ? አጠፋኋ!"

"የራሱስ ባትሪ?"

"እሱ ከሞተ ከራረመ። ይኸው መብራቱ ሲመለስ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ጽፎ ይገተራል። ደግነቱ ማዶ ያሉት ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጆች 'ፎርማት አድርገን ቶሎ አዲስ እናደርግልዎታለን' ብለውኛል።"

ክንዳቸውን ያዝኩና "ጋሽ ገብረየስ፣ የወንድሜ ልጅ እንደምትለው ፎርማት ማለት እኮ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ መደምሰስ ነው" አልኳቸው።

መንገዱ መሐል ቆሙ። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን አምባረቀባቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። "የሷንም ቃል?" አሉ። በልጆቹ አልፈርድም፤ ውስጡ ምን እንዳለ የነገራቸው ሰው የለም።

እየጎተትኩ ወደ ወንድሜ ልጅ ወደ ሳጂዳ ወሰድኳቸው። ሳጂዳ የተማረችው ኮምፒውተር ነው፤ ከጋራዦቹ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ታስተምራለች፣ ትጠግናለች። ነገሩን ሰምታ ላፕቶፑን ከፈተችው።

"አባባ፣ አሮጌው ሲስተም ተነቅሎ አዲሱ ሳይተከል ነው መብራቱ የጠፋው። ስለዚህ ማሽኑ መነሳት አቃተው። የእርስዎ ጽሑፍ ግን የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። ምናልባት አልተነካም።"

"ምናልባት?"

"ምናልባት። ወላሂ፣ አልዋሽዎትም።"

በራሷ ፍሎፒ ዲስክ ማሽኑን አስነሳችው። ሲያጓራ፣ ሲያንቋርር ቆይቶ የፋይሎች ስም በጥቁሩ ላይ ተደረደረ። ጋሽ ገብረየስ ዘለው በጋቢያቸው ሸፈኑት።

"በቃ! አለ፣ አየሁት። አሁን አዲሱን ጫኚልኝ እንጂ እሱን እንዳትነኪ!"

"መጀመሪያ ፍሎፒ ላይ ሳልገለብጥ ምንም አልጭንም።"

"ልጄ፣ ይሄ ቀበሌ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አይደለም፣ የቤቴ ገመና ነው! ለእኔ ብቻ የነገረችኝ ነው። ሁለት ከሆነ አንዱ ሰው እጅ ይገባል።"

"አንድ ስለሆነስ፣ ይኸው ዛሬ ሊጠፋ አልነበር?"

ድፍረቷ እኔንም አስደነገጠኝ። እሷም ገባትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። መገልበጥ ማንበብ አይደለም። የተቆለፈ ሳጥን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግር ሰው ውስጡን አያይም። ትእዛዙን እኔ ልንገርዎት፣ እርስዎ ይጻፉት። ፊቴን አዞራለሁ።"

"ከዚያስ? ፍሎፒው የት ሊቀመጥ ነው?"

"አንዱ ቤትዎ። ሌላው ከቤት ውጭ፣ የሚያምኑት ሰው ጋ። ቤት ይቃጠላል፣ ሌባም ይገባል።"

"የማምነው ሰው!" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄ ወሬኛ?"

ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን ስንቱን ደግ ነገር በጓዳ ቀብሮ ባስቀረው ልማዳችን። "ገመና መሸፈን ጨዋነት ነው፣ አልክድም" አልኩ። "ግን ከነሽፋኑ ከጠፋ ምኑን ሸፈኑት? ለመሆኑ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ምን ብለው ነው የነገሩዎት?"

"ጻፍልኝ ነው ያለችኝ" አሉ።

"እንዲደበቅ የተፈለገ ነገር ጻፍልኝ ይባላል?"

ጋቢውን ቀስ ብለው አነሱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሳጂዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ፊደል በፊደል ነገረቻቸው። የመጨረሻዋን ቁልፍ እንደተጫኑ ሰማዩ ተሰነጠቀ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ገብረየስ ብድግ ብለው ወደ ሶኬቱ እጃቸውን ሰደዱ።

"አይንኩት!" ብላ ጮኸች ሳጂዳ። "እስኪጨርስ አይነቀልም!"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ማሽኑ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር፤ ከዚያ ቆመና ስህተት ጻፈ።

"አለቀ። ገደልኳት" አሉ ጋሽ ገብረየስ።

"ምንም አልሆነም! ፍሎፒው ነው የተበላሸው፤ ዋናው እንዳለ አለ። ሌላ እንሞክር።"

ሌላ ከተተች። ዝናቡ ሲያወርደው፣ እኔ በልቤ ዱዓ ሳደርግ፣ እሳቸው ሲያማትቡ፣ ተገለበጠ። አሁንም ሌላ፤ ተገለበጠ። ከዚያ "ተገልብጧል ብሎ መተው አይበቃም፣ ከፍቶ ማየት ነው" ብላ ፍሎፒውን የራሷ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችላቸውና ወጥታ በረንዳ ላይ ቆመች። ጋሽ ገብረየስ ሁለት መስመር አንብበው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ። ሳጂዳ አዲሱን ሲስተም የጫነችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ስለ ማሽን አላውቅም፤ የገባኝን ግን ልንገርህ። ሲስተም ቢበላሽ ዳግም ይጫናል፣ ላፕቶፕ ቢሰበር ይገዛል፤ ሰው የተናገረው ቃል ግን ተናጋሪው ዝም ካለ በኋላ አይገዛም። የሚገለብጥ ሰው ለመብራት መጥፋትም፣ ለነጎድጓድም አይርበተበትም፤ እንቅልፉን ይተኛል። ስለዚህ ከመቀየርህ በፊት ገልብጥ፣ የገለበጥከውን ከፍተህ እይ፣ አንዱንም ከቤትህ አውጣ። ጋሽ ገብረየስ አንዱን ፍሎፒ "እንዳታነበው!" ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ወሬኛ ብሆንም አላነበብኩትም።

እሑድ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ገብረየስ ከላፕቶፑ ላይ ለወይዘሮ የሻሽወርቅ እያነበቡላቸው ነበር። ወይዘሮዋ አልጋው ላይ ሆነው የገዛ ቃላቸውን ያዳምጣሉ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጋሽ ገብረየስ ቀና ብለው አዩኝና ዘለውት አለፉ። ወይዘሮዋ በደህናው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መቱ።

"የሻሽ፣ እንግዳ አለ እኮ" አሉ ባል በለሆሳስ።

ደግመው መቱ፤ ጠንከር አድርገው። ልነሳ ስል ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ ተቀመጥኩ። ጋሽ ገብረየስ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ የዘለሉትን አነበቡ። ወይዘሮዋ ከጋብቻቸው በፊት ስለወለዱት፣ ወልድያ ዘመድ ቤት ስለቀረ፣ ሀብቶም ስለሚባል ወንድ ልጅ ነበር። እናቱ ማን እንደሆነች የነገረው የለም። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ጋሽ ገብረየስ ላፕቶፑን ወደ ጎን አድርገው የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

"ሐሩን" አሉኝ፣ "ያቺን የወንድምህን ልጅ ሌላ ቅጂ አሠራልኝ። ይሄኛው በወረቀት ይሁን። ወልድያ ድረስ ሄጄ ለየሻሽ ልጅ በእጄ እሰጠዋለሁ።"